የጭንቅላት ዕዳ በጨጓራ ላይ

ሳሪስ ላይ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ የሚገባ ደንበኛ ደረጃውን ወጥቶ ሳይጨርስ «እስቲ የጨጓራ ስጪኝ» ይላል። የሐኪም ወረቀት አልያዘም፤ እንደ ጨጓራ ያለ የአደባባይ በሽታ ምን ወረቀት ያሻዋል? ፋርማሲስቷ ሥራዋ ነውና ትጠይቃለች። «ምን ይሰማሃል?» «ያቃጥለኛል፣ ይነፋኛል፣ እዚህ ጋ ደግሞ ሰቅዞ ይይዘኛል።» «የሚብስብህ ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ?» ደንበኛው ጥቂት ያሰላስልና «ወሩ ሲያልቅ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ይስቃሉ፤ ኦሜፕራዞሉ በላስቲክ ይቋጠራል፣ ሒሳቡ ይከፈላል፣ ነገሩ ያልቃል። በዚያ ባንኮኒ ላይ ከተነገረው ሁሉ ትልቁ የሕክምና መረጃ ግን ያ በሳቅ የታለፈው መልስ ነው። ኦሜፕራዞል አሲድ ይቀንሳል፤ የወሩን ማለቅ ግን አንድ ቀን እንኳ አያዘገይም።

መቼም ለአንድ ሰው የታደለው አንድ ጨጓራ ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። ከጎተራ እስከ ሐና ማርያም፣ ከጎፋ እስከ ለቡ የሚወራውን ለሰማ ግን የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ በነፍስ ወከፍ ሦስትና አራት የተሸከመ ይመስለዋል፤ ሆዱ ባለ አራት ክፍል የሆነው በሬ እንኳ ይህን ያህል ሲያማርር አልተሰማም። ደግሞም ጨጓራ እንደ ሌላው በሽታ ባለቤቱን አያሳፍርም፤ እንዲያውም ያስከብረዋል። ድግስ ቤት «በሞቴ! ይቺን ብቻ!» የሚለውን አጉራሽ በጨዋ ደንብ የሚመልስ ከጨጓራ የተሻለ ምክንያት እስከ ዛሬ አልተገኘም። አረቄውን የማይፈልግ ሰው ጨጓራውን ይጠራል፤ ጾሙ የከበደው ለንስሐ አባቱ ጨጓራውን ያቀርባል፤ አለቃው ያናደደው ሠራተኛ «ጨጓራዬን ላጠው» ብሎ በማግሥቱ ፈቃድ ይጠይቃል። ጎረቤት የሰማ እንደሆነ ተልባ ይቆላል፣ አብሽ ይበጠበጣል፣ «እኔን ያዳነኝ» የሚል ምስክር ከየፎቁ ይወርዳል። ከጨጓራው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ስለተቀመጠው አካል ግን «እሱስ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የዚህ ወግ ነገር እንግዲህ አጭር ነው። በጨጓራ ስም ከምንከፍለው ዕዳ ውስጥ ብዙው የጭንቅላት ነው። ይህን ማለት ሕመሙ የፈጠራ ነው ማለት አይደለም፤ ያቃጠለው በእርግጥ አቃጥሎታል። አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላው አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ሁለት በመቶው ገደማ ነው፤ ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት ግን አንድ አምስተኛውን ብቻውን ይበላል። ይህን ሁሉ በልቶ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የዓለምን ወሬ እንዳለ መቀበል አይደለም። አንጎል በአጥንት ውስጥ ተዘግቶ በጨለማ የሚኖር ነው፤ ራሱ ብርሃን አያይም፣ ድምፅ አይሰማም፤ የሚደርሰው በነርቭ የሚመጣ ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ ምልክቱ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ አስቀድሞ ይገምታል፣ ሲመጣም ግምቱን ያርማል። መብራት በጠፋበት ሌሊት ደረጃ ስንወርድ፣ አንድ ደረጃ የቀረ መስሎን ወለሉን ስንረግጥ ነፍሳችን የምትደነግጠው ለዚህ ነው። ስልኩ ሳይጮህ ኪሳችን ውስጥ የነዘረ የሚመስለንም ለዚሁ ነው። ግምቱ በውጪው ዓለም ላይ ብቻ አያበቃም፤ አንጎል ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ ከገመተ ክፉው እስኪደርስ ሳይጠብቅ ልብን፣ ሳንባንና ሆድን ከወዲሁ ያሰናዳል። የጨጓራ ጣጣ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጀሞ የታክሲ ሰልፍ የቆመን ሰው እንመልከት። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሰውን የሚያሳምመው ግን ርዝመቱ ብቻ አይደለም፣ ርዝመት ይለመዳል። የሚያብሰለስለው ሌላ ነው። ታክሲው ይመጣል ወይስ አይመጣም? ከመጣስ እስከ ሜክሲኮ ይጭናል ወይስ መንገዱን ቆርጦ መካኒሳ ላይ «መጨረሻ ነው» ይላል? ከፊት የቆመው ሰውዬ ለአንድ ሰው ነው የተሰለፈው ወይስ ኋላ ለሚመጡ አራት ዘመዶቹም ጭምር? እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 45 ሰዎችን በአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ፊት አስቀምጠው ነበር። ጨዋታው ከድንጋዩ ሥር እባብ አለ ወይስ የለም ብሎ መገመት ሲሆን፣ እባብ የተገኘ እንደሆነ ተጫዋቹ እጁ ላይ የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርሰዋል። ላባቸውና የዓይናቸው ብሌን ሲለካ፣ ሰዎቹ ከሁሉ አብልጠው የተጨነቁት ንዝረቱ መምጣቱ እርግጥ በሆነ ጊዜ ሳይሆን ሃምሳ ሃምሳ በሆነ ጊዜ ነበር። እርግጠኛ ሕመም ከአጠራጣሪ ሕመም ይቀላል ማለት ነው።

ለንደኖች ይህን ለማወቅ እባብና ኤሌክትሪክ አስፈለጋቸው፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ግን ያለ ላቦራቶሪ ታውቀዋለች። ውኃ በፈረቃ ነው። ዛሬ ሌሊት እንደማይመጣ ቁርጡን ብታውቅ ያላትን አብቃቅታ ትተኛ ነበር። «ሊመጣ ይችላል» የተባለ ዕለት ግን ቧንቧውን በትንሹ ከፍታ፣ ባልዲ ደቅና፣ ጀሪካኖቹን በተራ አሰልፋ፣ ባንድ ጆሮዋ እየተኛች በሌላው ታዳምጣለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያስነጥስ በባዶ እግሯ ትሮጣለች፤ የመጣው አየር ነው። ተመልሳ ትተኛለች ማለት ይከብዳል፤ ጋደም ትላለች። ጠዋት «ዛሬ ደግሞ ጨጓራዬ ተነሥቶብኛል» ስትል ጎረቤቷ የምትጠይቃት «ማታ ምን በልተሽ ነው?» ብላ ነው። ሽሮው ይጠረጠራል፣ በርበሬው ይጠረጠራል፣ የዘይቱ ዓይነት ይጠረጠራል። ያ ያልመጣው ውኃ ግን ከነጭራሹ አይጠረጠርም።

ውስጡን ላየው አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንጎል ውስጥ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ ጠባዩ ቁርጥ የዕድር ጡሩምባ ነፊ ነው። የጡሩምባ ነፊ ሥራ መንደሩን መቀስቀስ እንጂ ሟቹን መመርመር አይደለም። አንዴ ከተነፋ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይወጣል፣ ሥራ ይፈታል፤ «ኧረ የሞተ ሰው የለም» ቢባል እንኳ ድንኳኑ እስኪነቀል ግማሽ ቀን ይሄዳል። በሰውነትም ውስጥ ጥሪው ሲሰማ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይረጫሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ታክሲ በር ላይ ለሚጋፋ ሰው የምግብ መፈጨት ምን ይሠራለታል? ጨጓራ ምግቡን ቶሎ አላወርድ ይላል፣ ነርቮቹም ይነቃሉ፤ በደህና ቀን ሳይሰማን ያልፍ የነበረው አሲድና አየር አሁን ያቃጥላል፣ ይወጥራል። በዚህ ላይ አንጎልንና ሆድን የሚያገናኘው ቬገስ የተባለው ነርቭ አለ፤ ከክሮቹ 80 በመቶ የሚሆኑት ከታች ወደ ላይ ወሬ የሚያደርሱ ናቸው። «ታች ሰላም የለም» የሚለው ወሬ ሲደርስ ጡሩምባው እንደገና ይነፋል። ጭንቀቱ ጨጓራን ያስነሣል፣ ጨጓራው ጭንቀትን ያስነሣል፤ ሰውየው በሁለቱ መካከል ተልባ ይጠጣል።

ይህ ነገር በግምት የተነገረ አይደለም፤ በዓይን የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን አሜሪካ ማኪናክ በምትባል ደሴት አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ የቆዳ ነጋዴዎች ሠራተኛ በባሩድ ጠመንጃ ተመትቶ ቆሰለ። ቁስሉ ሲድን ጨጓራው ድረስ የሚያሳይ ቀዳዳ ሳይዘጋ ቀረ። የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረው ዊሊያም ቦሞንት ይህን አጋጣሚ አላባከነም፤ ሥጋና ዳቦ በሐር ክር እያሰረ በቀዳዳው እየከተተ፣ ምግብ እንዴት እንደሚፈጭ ለዓመታት ሲመለከት ኖረ። በ1833 ባሳተመው መጽሐፉ ካሰፈራቸው ነገሮች አንዱ ንዴትና ፍርሃት የጨጓራን ግድግዳና ሥራውን እንደሚለውጡ ነው። ሴንት ማርቲን ደግሞ በክር ታስሮ የሚገባ ሥጋ እየጎተቱ ሲያወጡበት የሚናደድበት ምክንያት አላጣም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1940ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ስቱዋርት ዎልፍና ሃሮልድ ዎልፍ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ሌላ ሰው አገኙ። በጽሑፋቸው ቶም ያሉት ይህ ሰው በልጅነቱ የሚፋጅ ሾርባ ጠጥቶ ጉሮሮው ስለተዘጋ በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ የሚመገብ ነበር። ቶም ሲናደድ የጨጓራው ግድግዳ ይቀላል፣ አሲዱ ይጨምራል፤ ሲደነግጥ ይገረጣል። እኛ ንዴታችንን በፊታችን የማናሳይ፣ በልተን የማንናገር ጨዋዎች ነን፤ ጨጓራ ግን ይህን የይሉኝታ ትምህርት አልተማረም።

አሁን አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ እጁን አውጥቶ «ቆይ እንጂ! ባክቴሪያው የት ሄደ?» ማለቱ አይቀርም፤ እውነትም አለው። ሐኪሞች የጨጓራ ቁስል ከጭንቀትና ከአሲድ የሚመጣ ነው እያሉ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ አጋለጡ። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ጨለጠው፤ በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ፤ በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በእኛ ሰፈር ያንኑ ባክቴሪያ ሳያውቅ ጠጥቶ ያለ ሽልማት የቀረው ስንት ነው! በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ እንደተሸከመው ያመለክታሉ። እንግዲህ የሰገራ ምርመራው ይደረግ፣ ከተገኘም መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ቀን ይዋጥ፤ ሰገራው የጠቆረ፣ ደም ያስመለሰው ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ደግሞ ወግ ማንበቡን ትቶ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ። ነገር ግን ባክቴሪያውን ከተሸከሙት አሥር ሰዎች በዕድሜያቸው ቁስል የሚወጣባቸው አንድ ወይም ሁለት ናቸው። ሆዴን ብለው ሲመላለሱ ኖረው በመጨረሻ ኢንዶስኮፒ ከሚታዩት ውስጥም አብዛኞቹ ላይ ቁስል አይገኝም። ሐኪሙ «ምንም የለብህም» ይላቸዋል፤ እነሱም ሐኪሙ አያውቅም ብለው ሌላ ክሊኒክ ይሄዳሉ። የጭንቀት ራስ ምታቱን ለማስታገስ በየቀኑ ዲክሎፌናክ የሚውጠው ሰው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ መድኃኒቱ ጨጓራን በእርግጥ ያቆስላልና የጭንቅላቱ ዕዳ እውነተኛ የጨጓራ ዕዳ ሆኖ ይመዘገብለታል።

«እና ሕመሜ ውሸት ነው?» ብሎ የሚቆጣ ሰው ቁጣው ተገቢ ነው፤ «የአእምሮ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰማው «አስመሳይ ነህ» የሚለው ስድብ ስለሆነ ነው። ነገር ግን በዓለም ላይ በአንጎል ያልተሠራ ሕመም የለም፤ በር የቀጠቀጠው ጣት እንኳ የሚያመው አንጎል ሲያውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ጆን ሌቪንና ባልደረቦቹ የመንጋጋ ጥርሳቸውን ላስነቀሉ ሰዎች የማስታገሻ ጠባይ የሌለው ነገር ሰጥተው ነበር። ከመካከላቸው ሕመሙ የቀለላቸው ተገኙ። የሞርፊንን ሥራ የሚያከሽፈው ናሎክሶን ሲሰጥ ግን ሕመማቸው ተመለሰባቸው። ስለዚህ እፎይታው የማስመሰል ጉዳይ ሳይሆን አንጎል ራሱ ያመረተው ማስታገሻ ነበር ማለት ነው። ማስታገሻ ማምረት የሚችል አንጎል ሕመም ማጉላትም ይችላል። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ ቁስል ሳይኖር ቁስል የመሰለ ሕመም ላለባቸው ሰዎች አሚትሪፕቲሊን ከባዶ ክኒን የተሻለ እንደረዳ አሳይቷል። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ለድባቴ ሲታዘዝ የኖረ መድኃኒት ነው። ለድባቴ የተሠራ መድኃኒት ሆድን የሚያስታግሰው፣ ሆድና ጭንቅላት የተለያየ ግቢ የሚኖሩ ስላልሆኑ ነው።

ታዲያ ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ለምን ጭንቅላታችንን በስሙ አንጠራውም? ምክንያቱ አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ስሌት አለበት። ጨጓራ ያለበት ሰው ተልባ ይመጣለታል፤ ጭንቅላቱን ያመመው ሰው ግን የሚመጣለት ሹክሹክታ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች 178 ዘመዶች ተጠይቀው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል፤ ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደሚሰማቸው ሲናገሩ፣ 37 በመቶ የሚሆኑት ዘመዳቸው መታመሙን ሊደብቁ እንደሚፈልጉ ገልጸዋል። የገጠር ነገር ነው የሚል ካለ አዲስ አበባ ላይ «አማኑኤል ታየ» የተባለ ወጣት ሽምግልና ሲልክ የሚደርስበትን ያስብ። አማኑኤል ሆስፒታል ከጣልያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ሕሙማንን ሲያገለግል የኖረ፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታትም ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል የነበረ ተቋም ነው፤ ስሙ ግን በሰፈር አፍ መስደቢያ ሆኖ ቀረ። የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ሙያውን የፈለገ ሁሉ ባሕር መሻገር ነበረበት። ስለዚህ ድባቴ የያዘው ሰው ክሊኒክ ሲገባ «ደስታ ራቀኝ» አይልም፤ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሆዴን ይነፋኛል፣ አቅም አጣሁ» ይላል። ሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ድባቴ ያለባቸው አብዛኞቹ ታካሚዎች ሳይታወቁላቸው እንደሚመለሱ ያሳዩት ለዚህ ነው። ባለሙያው የተነገረውን አከመ፤ ታካሚውም ሊነገር የሚችለውን ብቻ ተናገረ።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ግን ከተከራይ የሚመጣው ነው። «ወንድሜ፣ የእኔ በሽታ ኪራይ ነው። አንጎሌን ተወውና ኪራዩን ቀንስልኝ፣ ነገውኑ እድናለሁ።» ይህን የሚል ሰው ግማሽ መንገድ ድረስ ትክክል ነው። ችግርን ሁሉ ወደ ጭንቅላት ገፍቶ «አስተሳሰብህን ቀይር» የሚል ምክር ከስብከት አያልፍም፤ ጀሞ ላይ የቆመ ሰልፈኛ በጎ በጎውን ስላሰበ ሚኒባስ አይመጣለትም። እንዲያውም የለንደኑ ጥናት ለመሥሪያ ቤቶች የሚነግረው ነገር አለ። ውኃ መጨመር ባይቻል እንኳ የፈረቃውን ቀን በትክክል መናገርና ቃልን መጠበቅ ብቻውን ጤና ነው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ማለቱም የኪራዩን ዋጋ ባያረክስ የተከራዩን ሌሊት ሊያሳጥረው ይችላል፤ «መቼ ውጣ እባል ይሆን?» የሚለውን ግምት ይቀንሳልና። ነገር ግን ቀሪው ግማሽ መንገድ አለ። አንድ ዓይነት ኪራይ ከሚከፍሉ ሁለት ጎረቤቶች አንዱ አጉረምርሞ ሲተኛ ሌላው ጣራ ሲቆጥር ያነጋል። ድባቴ የገባበት አንጎል ደግሞ ግምቱ አይታረምም፤ «ብሞክርም አይሆንም» ብሎ አስቀድሞ ስለወሰነ ሥራ አይፈልግም፣ ስልክ አያነሣም፣ ዘመድ ጋ አይሄድም፤ አለመሞከሩ ያመጣውን ውጤት ደግሞ «ይኸው፣ ብዬ ነበር» ብሎ ማስረጃ ያደርገዋል። ድህነት ጭንቀትን እንደሚወልደው ሁሉ ጭንቀትም ድህነትን ይወልዳል። ኪራዩ እስኪቀንስ ሰውየው ሳይታከም ይቆይ ማለት፣ ኪራይ የሚከፍልበትን ጉልበት ከእጁ መንጠቅ ነው።

«አባቶቻችን ያለዚህ ሁሉ ኖረው የለም ወይ? ጸበል አለ፣ ጸሎት አለ፣ ዕድር አለ፣ ቡና አለ» የሚሉም አሉ። አሉ፤ ሁሉም ቁም ነገር ናቸው። በዚያው የቡታጅራ ጥናት ከዘመዶቹ 65 በመቶ የሚሆኑት ለሕመሙ የሚመርጡት ጸሎትን እንደሆነ ተናግረዋል። ይህን የሚንቅ ሐኪም ታካሚውን ያጣል፣ ሐኪምን የሚከለክል አጥማቂም እንዲሁ። እንጦጦ ማርያም ላይ አጥማቂ ካህንና የአእምሮ ሐኪሞች ሕሙማንን እየተላላኩ አብረው የሠሩበት ተሞክሮ ተጽፎ ታትሟል፤ ክኒኑ ጸበሉን አላረከሰውም፣ ጸበሉም ክኒኑን አላሟሟውም። ዕድርና ቡናም ቢሆኑ ለአንጎል ትልቅ ወሬ ያደርሱለታል፤ «ብቻህን አይደለህም» የሚል ወሬ። ሆኖም ቡናው ራሱ መታዘዝ ያለበት በልክ ነው። ካፌይን ድካምን የሚናገረውን አዴኖሲን የተባለ ኬሚካል አፉን ይዘጋዋል እንጂ ድካሙን አያጠፋውም፤ እኩሌታው ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በረካውን የጨረሰ ሰው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይም ግማሹን ተሸክሞ ይገላበጣል። ያልተኛ አንጎል ጠዋት የሚገምተው ክፉ ክፉውን ነው፤ ቡና ደግሞ አሲድም ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ስኒው ይቀነስ፤ መጠራራቱ ግን አይቀነስ።

የቀረው የጤና ባለሙያው ተቃውሞ ነው። «ከበሩ እስከ አጥሩ ድረስ ታካሚ ተሰልፎ ስለ ኑሮው ላወራ ነው ወይ?» ይላል። ማንም ይህን አልጠየቀውም። በመላው ዓለም ክሊኒኮች የሚሠራባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን የመሥራት ፍላጎትና ደስታ አጥተህ ታውቃለህ? ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልብህ አዝኖ፣ ተስፋ ቆርጠህ ታውቃለህ? ክኒን ቆጥሮ ላስቲክ ውስጥ እስኪከቱ ድረስ ሁለቱም ተጠይቀው ያልቃሉ። መልሱ «አዎ፣ ብዙውን ቀን» ከሆነ ነገሩ ከጨጓራ አልፏልና ወደሚመለከተው ባለሙያ መምራት ነው፤ ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው ከተገኘ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጠውም፣ ብቻውንም አይተውም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ይወሰዳል። እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ነጭ ጋዋን መልበስም ግድ አይደለም። ተልባ ይዛ የመጣች ጎረቤት ተልባውን ካስቀመጠች በኋላ «እንቅልፍሽስ?» ብትል ከሙያዋ አልወጣችም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል የአገሬ ሰው። በዚህ በኩል እኛን የሚወቅሰን የለም፤ በሽታችንን ደብቀን አናውቅም። በታክሲ ውስጥ፣ በድግስ ላይ፣ በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጮክ ብለን እንናገራለን፤ ብቻ የምንናገረው በሌላ አካል ስም ነው። ጨጓራ የራሱን አሲድ፣ የራሱን ባክቴሪያና የራሱን ቁስል ይክፈል፤ የሰልፉን፣ የኪራዩን፣ ያልተኙበትን ሌሊትና ያልተለቀሰውን ሐዘን ግን የተበደረው ጭንቅላት ነውና ጭንቅላት ይጠየቅበት።